እትዬ ዘሀራ ደጃፍ ላይ የጠየቁን

እትዬ ዘሀራ መሞታቸውን የሰማሁት ቀሚስ ላሳጥር ገብቼ ነው። አቡ ዳቢ ውስጥ እኔ ከምሠራበት ቢሮ ሥር አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አለች፤ እዚያ የምትሠራው ራህማ የእትዬ ዘሀራ የእህት ልጅ ናት። በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አውጥታ፣ «ሰናይት፣ አክስቴ እኮ አረፈች። ሐሙስ ቀበሯት» አለችኝ። ስኳሩ ነው አሉ። ወሎ፣ የተወለዱበት ቤት።

እኔ ምን አልኩ? «አላህ ይዘንላቸው» አልኩ። ከዚያ ቀሚሱ እስከየት እንዲያጥር እንደምፈልግ በጣቴ አሳየኋት። ወጥቼ ሊፍት ውስጥ ስገባ መስታወቱ ውስጥ የቆመችውን ሴት አየኋትና እጅ እጅ አለችኝ።

ስለ ሞተ ደግ ሰው ሲጻፍ የሚጽፈውም አብሮ ደግ ይመስላል። እኔን እንደዚያ እንዳታዩኝ ከጅምሩ ልናገር፦ ይሄን የምጽፈው ራሴን ተጸይፌ ነው። ካልጻፍኩት ደግሞ የባሰ እጸየፋለሁ።

እትዬ ዘሀራን ያየኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ ሃምሳውን ያለፉ ሴትዮ ነበሩ። አል ዐይን፣ አል ጂሚ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ አንዲት አሮጊት ማዳም ሲያስታምሙ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። አሮጊቷን «ማማ» ነበር የሚሏት። ከቪላው ጓሮ፣ በኋላ በር የሚገባበት ሁለት ክፍል ቤት ሰጥተዋቸው ነበር።

እንግዳ ተቀባይ ሲባል ፈገግ የሚል ሰው ነው ለሁላችንም የሚመጣብን። እትዬ ዘሀራ ፈገግ የሚሉ ሰው አይደሉም። የሚጸየፉ ሰው ናቸው። እንደሳቸው «ኤጭ!» ማለት የሚያውቅበት ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም። ጭምብል አድርገው እንኳ አፍንጫቸው ሲሸበሸብ ከዓይናቸው ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ ከሆዳቸው ተነስቶ ይመጣል፦ «ኤጭ!» ምንጣፍ በጫማ ለሚረግጥ ኤጭ፣ እጁን ሳይታጠብ ሳህን ለሚነካ ኤጭ፣ ሰው ቤት ተቀምጦ ስልኩን ለሚጎረጉር ኤጭ። ለሚዋሽ ሰው ግን ኤጭም የላቸው። ለእሱ ዝም ነው የሚሉት።

አሁን እንዴት ደጃቸው እንደደረስን ልናገር። ወረርሽኙ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወሩ ጥር፣ ብርዱ ደስ የሚል። ጂሙ ተዘግቶ ተከፍቶ ተዘግቶ ሰልችቶናል፤ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ድግስ የለ፣ ሰው ከሰው ጋር የሚገናኘው በእግር መንገድ ብቻ ሆኗል። እንዲህ ስንራመድ ነው ከናሆም ጋር የተዋወቅነው። ናሆም መሐንዲስ ነው። መልከ መልካም፣ ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮ የሚስቅለት ዓይነት። አንድ ቀን «ከአቡ ዳቢ እስከ አል ዐይን በእግራችን እንሂድ» አለ። መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምስት ቀን። እኔና ቤቲ እሺ አልን። ቤቲ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ የምትጨርስ፣ ክፋት የሌላት ልጅ ናት።

«የት እያደርን?» ስለው፣

«ሀበሻ ባለበት ሁሉ ቤት አለን» አለኝ። «ሀበሻ በእግሩ የመጣን ሰው አይ ሊለው ይችላል? ይሉኝታው አያስችለውም!» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ያንን ሳቄን ሳስታውሰው ያቅለሸልሸኛል። እናቶቻችን አፍረው አይደለም ሰው ያሳደሩት፤ እሱ ግን የነሱን ደግነት እንደ ሆቴል ቁልፍ ኪሱ ከቶት ነበር። ሆቴልማ ያልፈለገበት ሌላም ምክንያት ነበረው። ያን ጊዜ ሆቴሎቹ የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ ነበር፤ እሱ ደግሞ «በየሁለት ቀኑ አፍንጫዬን አልወጋም» ብሎ ነበር።

ከአል መቅጣዕ ድልድይ ተነስተን የመጀመሪያውን ቀን ባኒያስ አደርን። አሳዳሪዎቻችን የጎንደር ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ሹፌር፣ እሷ ምግብ አብሳይ፣ ካፊላቸው፣ አሠሪያቸው፣ ከግቢው ጥግ አንድ ክፍል የሰጣቸው ባልና ሚስት። አልጋቸውን ለኛ ለቀው መኪና ውስጥ ተኙ። ጠዋት ናሆም የሴትዮዋን ነጭ ፎጣ አንስቶ ጫማውን ወለወለበት። በማግስቱ ደግሞ የግመል በረት የሚጠብቅ የራያ ሰው አሳደረን። ያለችውን ዶሮ አረደልን። ቤቲ ቆዳውን አልበላም ብላ ገፋችው፤ ናሆም አጥንቱን እየጋጠ «ሌላ የለም እንዴ?» አለ። ሰውየው አንገቱን ደፋ። እኔስ? እኔ «ተው እንጂ ናሆም» እላለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ባለቤቱ እንዳይሰማ። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን አንድ የዶሮ እርባታ አጠገብ አለፍን። ሽታው አይወራም። ቤቲ በጭምብሏ ላይ ሻርፗን ደርባ ሮጠች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ተከተልኳት። ዞር ስል ናሆም እርባታው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ጭምብሉን አውልቆ፣ በረጅሙ እየሳበ «እንዴት ያለ ንጹሕ አየር!» ይላል። የሚቀልድ መሰለኝ። ወደሱ ተመለስኩ።

«ይሄ ሁሉ ግማት አይሸትህም?» አልኩት።

«የምን ግማት?» አለኝ።

ተያየን። ያን ጊዜ ማሽተት መጥፋቱ የምን ምልክት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሕፃናት እንኳ ያውቁት ነበር። «ጉንፋን ነው ባክሽ፣ ሁለት ቀን ሆነኝ» አለ ድምፁን ቀንሶ። «ለቤቲ እንዳትነግሪያት፤ ትፈራለች። ነገ እኮ ጨረስን!» እግሬ ውሃ ቋጥሯል፣ ወገቤ አልቋል፣ የአንድ ቀን መንገድ ቀርቶናል። «እሺ» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም፤ በቃ፣ «እሺ»።

አል ዐይን የምናርፍበትን ያገናኘችን ራህማ ናት። «አክስቴ ጋ ሂዱ፤ ትቆጣለች እንጂ አትመልስም» ብላኝ ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አል ጂሚ ደረስንና የኋላውን በር አንኳኳን። በሩ አንድ ስንዝር ተከፈተና አንድ ዓይን ታየ።

«እዚያው! እዚያው ቁሙ! ወደኋላ በሉ፣ ገና!»

ሁለት እርምጃ ተመለስን። ሦስት አስጨመሩን። ከዚያ በሩን ከፍተው ወጡና ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ሁለት ጭምብል ደርበው። ከራሳችን እስከ ጫማችን አዩን። ጫማችን ላይ ሲደርሱ «ኤጭ!» አሉ።

«ከዚያ ድረስ በእግር? መኪና ጠፍቶ?»

«ለስፖርት ነው እማዬ» አለ ናሆም።

«ለስፖርት!» አሉ ወደ ሰማይ እያዩ። «ያ አላህ፣ መሄጃ ያለው ሰው ለስፖርት መንገደኛ ይሆናል!» ከዚያ ቁጣው ከድምፃቸው ወጣ። ቀጥ ብለው ቆሙና እንዲህ አሉን፣ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፦ «ስሙኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ ማማ አለች። ዘጠና ሊሞላት ነው፤ ደረቷ ደካማ ነው። ይሄ በሽታ ከነካት አንድ ሳምንት አትቆይም። ከናንተ ውስጥ የሚያተኩሰው፣ የሚያስለው፣ የሚያመው አለ? ካለ አሁን በሉኝ። አልመልሰውም። መጋዘኑን ጠርጌያለሁ፤ ለብቻው ይተኛል፣ እኔም ለብቻዬ እሆናለሁ፣ ማማን ልጇ ታያታለች። ምንም ክፋት የለውም። ብቻ በሉኝ።»

አልመልሰውም ነው ያሉት። መጋዘኑን ጠርገዋል። ከዚህ በላይ እውነት ለመናገር የሚያመች ነገር በዓለም ላይ አለ? ናሆም አየኝ። ቤቲ ምንም አታውቅ፣ ቦርሳዋን ታስተካክላለች። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣

«የለም እትዬ፤ ሁላችንም ደህና ነን» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ናሆምን ላለማሳፈር ነው እንዳልል፣ ናሆም የሚያፍር ሰው አይደለም። እውነቱ አሁን ጀምሬ ማስረዳት መድከሙ ነው። ሙቅ ውሃ አማረኝ። በቃ ይሄው ነው፣ ሙቅ ውሃ።

«አልሐምዱሊላህ፤ ግቡ» አሉ። ወረቀት አሳዩኝ አላሉንም፣ ስልካችንን ክፈቱ አላሉንም። በኋላ እግር ስንታጠብ ለምን እንደሆነ ነገሩን። የእናታቸው ቤት ግሸን ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በየመስከረሙ በእግሩ የሚመጣው ተሳላሚ እነሱ ቤት ያድራል፤ ክርስቲያን እንግዳ በእስላም ቤት፣ አንድ ዓመት ሃያ፣ አንድ ዓመት አርባ። እናትየዋ ደጃፍ ላይ አንድ ጊዜ ትጠይቃለች፦ የታመመ አለ ወይ? ያለበት ይናገራል፤ ጎተራው ሥር ለብቻው ይነጠፍለታል። የለም ከተባለ ሁለተኛ አይጠየቅም። ያደረውም ሰው ምን ያድርግ ምን፣ ከቤት ከወጣ በኋላ ስሙ በክፉ አይነሳም። «ቃሉን ተቀብለሽ ካስገባሽው በኋላ ብትፈትሺው ሰደብሽው ማለት ነው» አሉኝ። «እናቴ ስትሰድብ አላየኋትም። እኔ ነኝ ምላሴ የረዘመው።»

ምላሳቸውስ ረዝሞ ነበር። ለእያንዳንዳችን ሳፋ ከሙቅ ውሃና ከጨው ጋር ግቢው ውስጥ አስቀመጡልንና ራሳቸው ራቅ ብለው ዱላ ይዘው ቆሙ። «ደህና ጊዜ ቢሆን እኔው አጥባችሁ ነበር፤ አሁን ግን ርቀት ነው የታዘዝነው። በሉ እሹት! በጣቶቹ መሀል! ተረከዙን አንቺ፣ ተረከዙን! ኤጭ! ይሄ እግር ነው ወይስ የግመል መንገድ?» ቤቲ እስኪያማት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ውሃ የቋጠረው እግሬ ላይ ዓይናቸው ሲደርስ ግን ገብተው ንጹሕ ጨርቅና ቅባት አምጥተው፣ መሬት ላይ አስቀምጠውልኝ ተመለሱ። «በመርፌ እንዳትነኪው እታለም። ራሱ ይድረቅ።» እታለም ነው ያሉኝ።

ከዚያ የሚያንገሸግሸው መጣ። ናሆም እግሩ ሲጸዳለት ከቦርሳው ጥፍር መቁረጫ አወጣ። ግድግዳው ሥር የተጠቀለለች ቀይ ምንጣፍ ነበረች፤ ዘረጋና ተቀመጠባት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የእግሩን ጥፍር። ምንጣፏ መስገጃቸው ናት። ከኩሽና ሲወጡ አዩት።

«ኤጭ! ኤጭ! ኤጭ!»

«ውይ ይቅርታ እማዬ፣ ምንጣፍ መስሎኝ!»

«እማዬ አትበለኝ! እኔ ብወልድህ ጥፍር የት እንደሚቆረጥ አስተምርህ ነበር!» ብለው በዱላው ጫፍ መስገጃቸውን ከሥሩ ጎትተው ወሰዱና ቧንቧ ሥር ዘፍዝፈው ያሹት ጀመር። እሱ ለቤቲ ዓይኑን ጠቀሳት። ደሜ ፈላ። ግን እኔም ተነስቼ ላጥብልዎት አላልኩም፤ እግሬን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልዬ ነበራ።

በዚህ መሀል ለእራት የጣዱት ምስር አረረ። መስገጃውን ሲያጥቡ ድስቱን ረስተውት ኖሮ ኩሽናው በጭስ ተሞላ። ቤቲ እያሳላት ወደ ግቢ ወጣች፤ የእኔም ዓይን እንባ ሞላ። እትዬ ዘሀራ በሻሻቸው አፍንጫቸውን ይዘው ገብተው ምድጃውን አጠፉ። ናሆም ከበሩ ሥር፣ ሽታው መሀል፣ ስልኩን እያየ ተቀምጧል። ቀና ብሎ፣ «ምን ሆናችሁ ሁላችሁም? እራት አልደረሰም?» አለ።

እትዬ ዘሀራ ድስቱን እንደያዙ ቆሙ። እሱን አዩት። የድስቱን ክዳን ከፍተው ወደሱ ጠጋ አደረጉት፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከሩቅ። «ደርሷል?» አሉት ቀስ ብለው። አጎንብሶ አሸተተና «አዎ፣ ደስ ይላል» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እግሬን አየሁ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ኤጭ አላሉም። ምንም አላሉም። ድስቱን አስቀመጡ፣ ወደ ግቢው መሀል ሄዱ፣ ስልካቸውን አወጡና ደወሉ። የምሠራው ቢሮ ውስጥ አረብኛ ስለምሰማ የሚሉት ገባኝ፦ «ሙና፣ የዛሬ ማታ መድኃኒቷን... አይ፣ የነገውንም ማማን አንቺ ስጫት። እኔ አልገባም። በሬንም እዘጋለሁ፣ ማንም ወዲህ እንዳይመጣ። ሰው አሳድሬያለሁ። አዎ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ሙና የአሮጊቷ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር እዚያው ቪላ ትኖር ነበር።

እንዲያም ሆኖ አላስወጡንም። ዳቦና አይብ ሰጡን። ለናሆም መጋዘኑ ውስጥ አነጠፉለትና «አንተ እዚህ ሰፋ ብለህ ተኛ» አሉት፤ እሱ እንደ ክብር ቆጠረው። እኔንና ቤቲን ክፍላቸው ውስጥ አስተኙን። ራሳቸው ግቢው ውስጥ፣ በዚያ ብርድ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠዋት የተኛንበትን አጥፌ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። «መንገዳችሁን አላህ ያቅናው» አሉን። እኔን አላዩኝም።

በአራተኛው ቀን ራህማ አክስቷ እንደታመሙ ነገረችኝ። ለይቶ ማቆያ ተወስደው አሥራ ስድስት ቀን ቆዩ። አሮጊቷን በሽታው አልነካትም። ያቺ ስልክ አድናታለች። ወዲያው ግን ራህማ ሌላ ወሬ አመጣች፦ ከለይቶ ማቆያው ሲመለሱ የአሮጊቷ ወንድ ልጅ «ኸላስ፣ በቃ» ብሏቸዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ኸላስ። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ይሰረዛል፣ ወደ አገር ይሄዳሉ።

ናሆም በዚያው ሳምንት የመንገዱን ፎቶዎች ለጥፎ ነበር። የእትዬ ዘሀራን ግቢ፣ ሳፋውን፣ የራሱን ንጹሕ እግር። «የሀበሻ ፍቅር» ይላል ሥሩ፣ ከልብ ምልክት ጋር። ደወልኩለትና የሆነውን ነገርኩት። «ያሳዝናል» አለ። «ግን ከማን እንደያዛት በምን ይታወቃል? ሱቅም ትወጣለች እኮ።» ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እሱን መጸየፍ ቀላል ነው፤ ዛሬም ሳስበው ቅፍፍ ይለኛል። የሚከብደው እሱ ደጃፍ ላይ አንዲት ቃል አለመናገሩ ነው። የተናገርኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ሄድኩ። እትዬ ዘሀራ አል ጂሚ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ፣ አምስት ሴቶች የሚኖሩበት ክፍል ውስጥ ተጠግተው ትኬታቸውን ይጠብቁ ነበር። ከስተዋል፤ ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ ይዞራል። ኮሪደሩ ላይ ወጥተው አነጋገሩኝ። እንዳየኋቸው አለቀስኩ።

«አውቅ ነበር እትዬ» አልኳቸው። «ናሆም ማሽተት እንደማይችል በፊትም አውቅ ነበር። ደጃፍ ላይ ስዋሽዎት አውቄ ነው።»

«ይሄንንማ ምስሩ ሲያርር ዓይንሽ ነገረኝ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ድኛለሁ፤ ማማም ደህና ናት፤ በኔና ባንቺ መሀል የቀረ ነገር የለም።» አፍንጫቸው ሲሸበሸብ አየሁት፤ ግን በኔ ሳይሆን በለቅሶዬ ነው። «ኤጭ፣ ንፍጥሽን ጥረጊ መጀመሪያ።» መሐረብ ሰጡኝ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፦ «የሚያንገበግበኝ ማማ ናት። ከሰው እጅ አትበላም፣ ከኔ በቀር። የምታኝከውን፣ የሚያንቃትን የማውቀው እኔ ነኝ። ልጆቿ ክፉ አይደሉም፤ ፈርተው ነው። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ቢነግራቸው ይመልሱኛል።»

«እርስዎ አልነገሯቸውም?»

«እኔ?» አሉ እንደሰደብኳቸው። «ቤቴ ያደረ ሰው አሳልፌ ልስጥ? በዚህ ጊዜ ያንቺን ስም ብጠራ ቅጣቱ የት እንደሚያደርስሽ ታውቂያለሽ። አላደርገውም። አንቺ ግን አፍ አለሽ። ለኔ አታልቅሺ፤ ለሙና ደውይላት። ትኬቴ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው።» ቁጥሯን በቃላቸው ነገሩኝ፣ እያንዳንዷን አኃዝ እየጠበቁኝ፣ ስልኬ ላይ እስክጽፈው። መልሼ እንዳነበው አደረጉኝ። «አዎ፣ እሱ ነው» አሉ።

እደውላለሁ ብዬ ነበር የተመለስኩት፣ በልጅነቴ ልማል። ታክሲ ውስጥ ምን እንደምል በአረብኛ አጠናሁ። አል መቅጣዕ ድልድይ ላይ ስንደርስ ስልኬን አወጣሁ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ብትከሰኝስ? ሕመም ደብቀው ስለተቀጡ ሰዎች ይወራ ነበር። ቢሮው ቢሰማስ? ኢቃማዬስ? ነገ እደውላለሁ አልኩ። በማግስቱ ሥራ በዛ። አርብ ሰው አይረበሽም። ቅዳሜ ራሴን አመመኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ አንዱ ቀን አለቀ። ራህማ «ዛሬ ተሳፈረች» ስትለኝ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እፎይታ። ከዚህ ሁሉ የሚያስጠላኝ ያቺ እፎይታ ናት።

እንግዲህ ቀሚሴን ለራህማ ሰጥቼ ወደ ቢሮ በወጣሁበት ቀን፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፌ ደወልኩ። ስንት ጊዜ ስልክ ስቀይር ያንን ቁጥር አብሬ አሻግሬዋለሁ። ሙና አነሳችው። በተሰባበረ አረብኛዬ የዘሀራ ወዳጅ ነኝ አልኳት፤ ማረፋቸውንም ነገርኳት። አለቀሰች። ለቅሶዋ የእውነት ነበር።

«እህታችን ነበረች» አለች። «ምን እናድርግ? ወንድሜ ቁጭ ብሎ ጠየቃት። እንግዶቹን ስታስገቢ ታመዋል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል ወይ አላት። አልጠየቅኩም፣ ረሳሁ አለችው። ዘሀራ! አንድ ኪኒን ረስታ የማታውቅ ሴት! ሰው ሳትጠይቅ የምታስገባ ከሆነ እናታችንን እንዴት እንመንባት? ጠይቃቸው ዋሽተዋት ቢሆን ኖሮ ምን ጥፋት ነበረባት? ማን ያስወጣት ነበር?»

«ጠይቃናለች» አልኳት።

«ምን?»

«ጠይቃናለች። ደጃፍ ላይ፣ ገና ሳንገባ። የታመመ ካለ አልመልሰውም ብላናለች፣ ለብቻው የሚተኛበት ጠርጋ ጠብቃን ነበር። የለም ያልኳት እኔ ነኝ። አውቄ።»

ስድቡን ጠበቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ ናፈቀኝ።

«ቁጥሬን ማን ሰጠሽ?» አለች።

«ዘሀራ።»

«መቼ?»

«ከመሄዷ በፊት። አሥራ አንድ ቀን ሲቀራት።»

«እሷ ከሄደች በኋላ እናቴ ስምንት ወር ኖራለች» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።